ሕመም የማያውቅ እግር፦ ከቦሩ ሜዳ የሥጋ ደዌ ሐኪም ቤት እስከ ደሴ የስኳር ሕሙማን ቁስል



የሕክምና ታሪካችን ቀን ያለውን በሽታ ይወዳል። የኅዳር በሽታ 1911 ዓ.ም. የሚባል ዓመት አለው፤ ኮሌራና ፈንጣጣም በየነገሥታቱ ዘመን ተመዝግበዋል። የማይሽር ቁስል ግን ቀን የለውም። ሰውየውን ጫማው ይልጠዋል፤ የተላጠው ይመግላል፤ መግሉ ወደ አጥንት ይዘልቃል፤ ከወራት በኋላ ጣቱ፣ አንዳንዴም እግሩ ይቆረጣል። ጎረቤት ያውቀዋል፣ ቤተሰብ ይሸከመዋል፣ ዜና መዋዕል ግን አያነሣውም።

የዛሬው ንግግሬ ቀን ስለሌለው ስለዚህ ነገር ነው፤ ይኸውም በስኳር ሕሙማን እግር ላይ ስለሚወጣውና መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ስለሚበከለው ቁስል። ሐኪም አይደለሁም፤ የታሪክ መምህር ነኝ። በመካከላችን ያሉትን የሕክምና ባለሙያዎች ስለ ሙያቸው ላስተምር አልተነሣሁም። ማሳየት የምፈልገው፣ ደሴና አካባቢዋ ይህን ችግር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በስኳር ሕሙማን ላይ አለመሆኑን ነው። ከከተማችን በስተሰሜን፣ በቦሩ ሜዳ፣ ሕመም የማያውቅ እግርና የማይሽር ቁስል ለአሥርተ ዓመታት ሲታከም ኖሯል። የዚያ በሽታ ባክቴሪያም በአገራችን መድኃኒቱን ተላምዶ ነበር፤ በኋላ ግን ተረትቷል። እንዴት እንደተረታ ካላስታወስን፣ ዛሬ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ደጃፍ ተራውን የሚጠብቀው ሰው እግሩን ለምን እንደሚያጣ በቅጡ አይገባንም።

ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ቃል፦ የአገራችንን ጉዳይ በአብዛኛው በዓመተ ምሕረት፣ የውጭውንና በሳይንስ መጽሔቶች የወጣውን እ.ኤ.አ. እያልሁ እጠራለሁ።

መድኃኒት ካልነበረበት ዘመን ልጀምር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን በከተማይቱ አድርገው ነበር። የቀይ መስቀል ምልክት የተዘረጋበት የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚስዮን ሆስፒታል እንኳ ከጥቃቱ አልዳነም፤ በስፍራው የነበሩ የውጭ አገር ሐኪሞችም ተቃውሟቸውን ወደ መንግሥታት ማኅበር አሰሙ። በዚያ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ መተኮሳቸው ብዙ ጊዜ ይተረካል። በቀጣዮቹ ሳምንታት ቁስለኞቹ እንዴት እንደሆኑ ግን ብዙም አይተረክም።

በዚያ ጊዜ የቁስል ሕክምና ማለት አዮዲን፣ ክሎሪን ያለበት ማጠቢያ፣ ንጹሕ ፋሻ፣ ሁሉም ሲያቅት ደግሞ መጋዝ ነበር። ጌርሃርድ ዶማክ ፕሮንቶሲል የተባለውን የሰልፋ መድኃኒት ውጤት በጀርመን አገር ያሳተመው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1935፣ ማለትም ከደሴ ድብደባ አሥር ወር ብቻ ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 በአሌክሳንደር ፍሌሚንግ ሳህን ላይ የታየው ፔኒሲሊንም ተጣርቶ ለሕመምተኛ በመርፌ የተሰጠው ከ13 ዓመት በኋላ በ1941 ነው። ደሴ የቆሰለችው እንግዲህ በሁለት ዘመኖች ድንበር ላይ ነበር።

ያንን ዘመን ግን ባዶ አድርገን አንየው። አንቲባዮቲክ ያልነበረው ሐኪም ቁስሉን ይከፍታል፣ የሞተውን ሥጋ ይቆርጣል፣ ያጥባል፣ የቆሰለውን አካል ከሥራ ያሳርፋል። ይህ ዕውቀት አዲሱ መድኃኒት ሲመጣ አብሮት ሊሠራ እንጂ ሊተካበት አይገባም ነበር። በብዙ ቦታ ግን መርፌው ራሱ ቁስሉን የሚያጥብ ይመስል ተጣለ። በኋላ እመለስበታለሁ።

ለታሪክ ተማሪ ቦሩ ሜዳ ማለት የ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ሰብስበው የሃይማኖቱን ክርክር ያስበየኑበት ሜዳ። ለወሎ ገበሬ ግን ቦሩ ሜዳ ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሐኪም ቤት ስም ነበር። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን ያቋቋሙት ይህ ተቋም፣ ከመንደር የተገለሉ ሰዎች የሚጠጉበት፣ ቁስላቸው የሚታጠብበትና የሚታሰርበት ቦታ ሆነ። ዛሬ ጠቅላላ ሆስፒታል ነው፤ የቆዳ ሕክምናው ግን ከዚያ ሥር የበቀለ ነው።

በዚያ ዘመን ሕዝቡም፣ ብዙ ሐኪሞችም ሥጋ ደዌ ጣትን በልቶ የሚጨርስ በሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ይህን እምነት ካፈረሱት ሰዎች አንዱ በደቡብ ህንድ፣ በቬሎር ከተማ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ ነው። የሕሙማኑን እጅና እግር ለዓመታት ሲመረምር የደረሰበት ነገር ቀላል ይመስላል፦ ባክቴሪያው ነርቭን ያደነዝዛል፤ ሥጋውን የሚያጠፋው ግን የደነዘዘው ሰው ኑሮ ነው። ትኩስ ድስት ይይዛል፣ አያቃጥለውም። ሚስማር ረግጦ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፣ አይወጋውም። እኔና እናንተ እግራችን ሲላጥ ሳናስበው እናነክሳለን፤ ማነከሳችን ሕክምና ነው። ሕመም የማያውቀው ሰው አያነክስም፤ በቁስሉ ላይ ይራመድበታል።

ከዚህ ግኝት የተነሣ ሕክምናው ተለወጠ። ቁስሉን በቅባት ከመሸፈን ይልቅ እግሩን ከሰውነት ክብደት ማሳረፍ፣ በጀሶ ማሰር፣ ከዳነም በኋላ ለስላሳ ውስጠኛ ሶል ያለው ጫማ ማልበስ ዋና ነገር ሆነ። አዲስ አበባ ያለው የአለርት ማዕከል ከተቋቋመ ጀምሮ የጫማና የአካል ድጋፍ ወርክሾፕ የሥራው አካል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጫማ ሠሪው ከሐኪሙ እኩል ቁስል ፈዋሽ ሆነ ማለት ነው።

ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ግዛት ውስጥ ወደሚገኘው የካርቪል የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተዛወረ። እዚያም የስኳር ሕሙማንን እግር ሲያይ የሚያውቀውን እግር አየ። ስኳርም ነርቭን ያደነዝዛል፤ ቁስሉም በዚያው ቦታ፣ በተረከዝና በአውራ ጣት ሥር ይወጣል። በህንድ ለሥጋ ደዌ የተሠራበት የጀሶ ሕክምና በዚህ መንገድ ወደ ስኳር ሕሙማን ተሻገረ። ዛሬ በማንኛውም የስኳር ክሊኒክ የእግርን ስሜት ለመመርመር የሚያገለግለው፣ 10 ግራም ኃይል ሲያርፍበት የሚጎብጠው ቀጭን የናይሎን ክርም የካርቪል ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ሥራ መለኪያ የሆነ ነው፤ ጽሑፉ የወጣውም በሥጋ ደዌ መጽሔት ላይ ነው። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ እግር ሳይንስ ከሥጋ ደዌ መንደር የተወለደ ነው ብል አላጋነንሁም። እንዲህ ያለ መንደር የነበራቸው አገሮች፣ እኛም አንዱ ነን፣ ይህን ውርስ ከማንም ቀድመው መረከብ ይችሉ ነበር።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። ለሥጋ ደዌ የመጀመሪያው በእውነት የሠራ መድኃኒት ዳፕሶን ነው። ክኒኑ ርካሽ ነው፣ በአፍ ይወሰዳል፣ ወደ ገጠርም ይደርሳል። ባክቴሪያው በብዛት በሰውነታቸው የሚገኝ ሕሙማን ዕድሜ ልካቸውን እንዲወስዱት ይታዘዝ ነበር። ብቻውን፣ ለዓመታት፤ ብዙ ጊዜም አነስ ባለ መጠን ወይም እየተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ1964 በማሌዥያ ባክቴሪያው ዳፕሶንን መላመዱ በአይጥ መዳፍ ምርመራ ተረጋገጠ። ይህ ምርመራ ትዕግሥትን ይፈትናል፤ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በሳህን ላይ ስለማይበቅል፣ በአይጥ እግር መዳፍ ውስጥ ተወግቶ እስኪራባ ከግማሽ ዓመት በላይ ይጠበቃል።

በአገራችን ይህን ሥራ ማከናወን የተቻለው በ1962 ዓ.ም. ገደማ ከአለርት ጎን የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በመቋቋሙ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ የወጡ ጥናቶች በኢትዮጵያ ሕሙማን ዘንድ ዳፕሶንን የተላመደ ባክቴሪያ እየተስፋፋ መሆኑን አሳዩ። በ1977 የታተመው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ይዞ መጣ፦ ዳፕሶን ቀምሰው የማያውቁ አዲስ ሕሙማን ከመጀመሪያውም የተላመደውን ባክቴሪያ ይዘው ተገኙ። መላመዱ ከአንድ ሰው ሰውነት ወጥቶ በኅብረተሰቡ መካከል መተላለፍ ጀመረ ማለት ነው። በዓለም የሕክምና ታሪክ ኢትዮጵያ በመድኃኒት መላመድ ጉዳይ ስሟ ቀድሞ ከተነሣባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው፤ ተማሪዎቻችን ግን ሲያነሡት አልሰማሁም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች ያቀረቡት መልስ ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን በአንድ ላይ እንዲሰጡ ነው። ኢትዮጵያም ከ1983 ጀምሮ ይህን ሕክምና መስጠት ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በአገር ደረጃ የሕሙማኑ ቁጥር ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች ወረደ። መልሱ «ሦስት መድኃኒት» ተብሎ ሲጠቀስ ግማሹ ይቀራል። ሪፋምፒሲኑ በወር አንድ ጊዜ በጤና ሠራተኛ ፊት ይዋጥ ነበር። ሕክምናው የሚያበቃበት ቀን ነበረው። ሕመምተኛው በመዝገብ ተጽፎ ሲቀር ይፈለግ ነበር። መድኃኒቱም በነጻ ይሰጥ ነበር። ባክቴሪያውን የረታው ሦስቱ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱን የተሸከመው ሥርዓት ነው፤ እኔ በዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም።

የስኳር ሕመምስ? እዚህ ላይ ታሪኩ ያልተጠበቀ መልክ አለው። በእግር ላይ የሚወጣው የስኳር ቁስል በከፊል የኢንሱሊን ልጅ ነው። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ከመገኘቱ በፊት ከባዱ የስኳር ሕመም የያዘው ወጣት ነርቩ እስኪደነዝዝ ድረስ አይኖርም ነበር። በቦስተን ይሠራ የነበረው ኤሊዮት ጆስሊን እ.ኤ.አ. በ1934 ስለ ስኳር ሕሙማን ጋንግሪን አደጋ ሲጽፍ ይህን አስተውሎ ነበር፦ ሕሙማኑ ራሳቸውን ስተው መሞታቸው ሲቀንስ፣ ዕድሜያቸው ሲረዝም፣ እግራቸው መበስበስ ጀመረ። መፍትሔ ብሎ ያቀረበውም እግር ማጠብን፣ ጥፍር አቆራረጥን፣ ጫማን ነው። አንቲባዮቲክ ገና አልነበረም፤ እንዲያም ሆኖ አብዛኛውን እግር ማዳን ይቻላል ብሎ ይሟገት ነበር።

በአገራችን ስኳር የከተማና የባለጸጋ በሽታ ተደርጎ ለረጅም ጊዜ ታይቷል። ፍራንሲስ ሌስተር እ.ኤ.አ. በ1984 የኢትዮጵያውያንን የስኳር ሕመም መልክ ለዓለም መጽሔት ስታቀርብ፣ የኢትዮጵያ ስኳር ሕመም ማኅበርም የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው። ዘመኑን አስተውሉ፤ ወሎ በ1977 ድርቅ ውስጥ የነበረችበት ጊዜ ነው። የአገሪቱ ዓይን በኮረም ላይ ሳለ ስለ ስኳር ማን ይሰማል! ሆኖም ሁለቱ ነገሮች የተራራቁ አይመስሉኝም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በኔዘርላንድስ ረሃብ ጊዜ የተፀነሱ ሰዎች በጎልማሳነታቸው የደም ስኳራቸው ከሌሎች ከፍ ብሎ መገኘቱ ይታወቃል። ከእኛ ወደ ሰሜን፣ በራያ ቆቦ፣ የ1977ቱን ረሃብ በማኅፀንና በሕፃንነት ያሳለፉ ሰዎችን ጤና ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ማጥናት ጀምረዋል። ሁሉን ነገር ለረሃብ መስጠት የወሎ ታሪክ ጸሐፊዎች አመል ስለሆነ ከዚህ በላይ አልሄድም። ያም ሆነ ይህ እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ጎልማሶች 3 ያህሉ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። በጎንደር ሪፈራል ሆስፒታል በ2016 ክትትል ከሚያደርጉ 279 ጎልማሳ የስኳር ሕሙማን 13.6 በመቶ የሚሆኑት የእግር ቁስል ተገኝቶባቸዋል። ከሰባቱ አንዱ ያህል ማለት ነው።

እነዚህ ሰዎች ወደ ሐኪም ቤት ሲመጡ ምን ጠበቃቸው? አንቲባዮቲክ ጠበቃቸው፤ ላቦራቶሪ ግን አልጠበቃቸውም። የዚህን አለመመጣጠን ታሪክ ለመረዳት ወደ ለንደን ልውሰዳችሁ። ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ ያልበቃ መጠን የሚወስድ ሰው ተሕዋስያኑን መድኃኒት እንደሚያስለምዳቸው አስጠንቅቆ ነበር። ሜሪ ባርበር የተባለች ተመራማሪ በሐመርስሚዝ ሆስፒታል ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለውን የቁስል ባክቴሪያ ስትከታተል፣ ፔኒሲሊንን የሚቋቋመው በ1946 14 በመቶ፣ በ1947 38 በመቶ፣ በ1948 59 በመቶ ሆኖ አገኘችው። ሦስት ዓመት ብቻ! ለንደን ግን ይህን ማየት የቻለችው የምትቆጥር ሴትና የምትቆጥርበት ላቦራቶሪ ስለነበራት ነው።

ወደ ወረዳዎቻችን ቀድሞ የደረሰው መድኃኒቱ ነው። ፔኒሲሊንን ድሬሰሩ በመርፌ ይዞት መጣ፤ በእኔ ትውልድ ልጅነት «መርፌ ተወጋ» ማለትና «ታከመ» ማለት አንድ ነበሩ። ቀጥሎ ቴትራሳይክሊን መጣ። እናቶቻችን ካፕሱሉን ከፍተው ዱቄቱን በቁስላችን ላይ ሲነሰንሱ ያላየ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ ወጣት ነው። በዚህ ድርጊት የሚስቅ ሰው ደስ አይለኝም። ሰው የሚያገኘውን መድኃኒት በሚያውቀው መንገድ ተጠቀመ፤ የትኛው ባክቴሪያ እንዳለና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚነግረው ካልቸር ግን በአቅራቢያው አልነበረም። ብዙ የወረዳ ሆስፒታሎች ዛሬም ካልቸር አይሠሩም።

ደሴ በዚህ ረገድ ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል ነበራት። የክልል ላቦራቶሪ ነበራት፤ መዝገቡም ሁለት ጠቃሚ ጽሑፎችን አስገኝቷል። አንዱ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2010 በዚሁ ላቦራቶሪ የተመረመሩ 599 የቁስል ናሙናዎችን ይመለከታል። ከአሥሩ ናሙና በሰባቱ ገደማ ባክቴሪያ በቅሏል፤ ግንባር ቀደሙም ያው የሜሪ ባርበር ስታፊሎኮከስ ነው። ሁለተኛው በተመሳሳይ ዓመታት ከልዩ ልዩ ናሙናዎች፣ ይልቁንም ከሽንት፣ የተገኙ 446 የኢ. ኮላይ ባክቴሪያዎችን ያጠናል። አሞክሲሲሊንን 86 በመቶው፣ ቴትራሳይክሊንን 73 በመቶ ያህሉ ተቋቁመዋል። ከየመድኃኒት ቤቱ በቀላሉ የሚገኙት ሁለቱ መድኃኒቶች ማለት ናቸው። ለጄንታማይሲንና ለሲፕሮፍሎክሳሲን የተገዛው በዚያ ጊዜ ከአሥሩ ስምንት ያህል ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች እንደ ታሪክ ሰነድ ስናነባቸው ሌላ ነገርም ይታያል። ቁስሎቹ የተቆጠሩት በናሙና ዓይነት ነው፤ ቁስሉ የማን እንደሆነ፣ የገበሬ ማጭድ የቆረጠው ይሁን የስኳር ሕመምተኛ እግር፣ ቁጥሩ አይለይም። የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ በስሙ፣ በእግሩ ሥዕልና በወሩ መድኃኒት ይመዘገብ ነበር። የስኳር ሕመምተኛው ስኳሩ በአንድ ካርድ፣ ቁስሉ በሌላ ክፍል፣ ባክቴሪያው በሦስተኛ መዝገብ ይገኛል። ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሳይገናኙ እግሩ ይቆረጣል።

እስቲ አንድ እንዲህ ያለ እግር ከመካነ ሰላም ወይም ከወግዲ መጥቷል እንበል። ነርቩ ስለደነዘዘ ቁስሉን ያየው ዘግይቶ፣ ምናልባትም ሽታው ሲመጣ ነው። ደም ሥሩ ስለጠበበ የሚውጠው መድኃኒት ወደ ቁስሉ በበቂ መጠን አይደርስም። ስኳሩ ከፍ ስላለ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ደክመዋል። ባክቴሪያዎቹም በሞተው ሥጋ ላይ ባዮፊልም የሚባለውን ልባስ ሠርተው ተሸሽገዋል። ስለማያመው ደግሞ በእግሩ መጥቶ በእግሩ ይመለሳል። እንዲህ ባለ ቁስል ላይ ለሳምንታት የሚሰጥ አሞክሲሲሊን የፍሌሚንግ ማስጠንቀቂያ በሥጋ ለብሶ የቆመ ነው፤ ባክቴሪያውን ለመግደል ያነሰ፣ ለማስለመድ ግን የበቃ። ካልቸር ቢታዘዝለት ውጤቱ ቢያንስ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ የአልጋና የምግብ ወጪ የሌለው ሰው ሁለት ቀን አይጠብቅም። ናሙናው ደግሞ ከቁስሉ ገጽ በጥጥ ከተጠረገ በላይ ላይ የሰፈረውን ባክቴሪያ እንጂ ከሥር ሆኖ አጥንቱን የሚጎዳውን ላያሳይ ይችላል።

ዓለም አቀፎቹ የስኳር ሕመም እግር መመሪያዎች የመመርቀዝ ምልክት ለሌለው ቁስል አንቲባዮቲክ አይሰጥ ይላሉ። ይህን ለአንድ ቤተሰብ ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ የመጣ ሰው «መድኃኒት የለህም፤ ጀሶ ታስረህ አርፈህ ተቀመጥ፣ ጫማህን ቀይር» ቢባል እንዳልታከመ ይቆጥረዋል። ማሳውን የሚያርስለት ከሌለ ደግሞ ማረፍ ራሱ ከመድኃኒቱ ይልቅ ውድ ነው። የሥጋ ደዌ ሐኪም ቤቶች ሕመምተኛውን ለወራት ያኖሩት፣ ያበሉትና ያለበሱት በዚህ ምክንያት ነው። በወቅቱ ያ አሠራር መገለልን ያጸናል ተብሎ ተተችቷል፤ ትችቱም ትክክል ነበር። ሆኖም ሲፈርስ እግርን የማሳረፍ ጥበብም አብሮ ወጣ።

ንጽጽሬን ከልኩ አላሳልፍ። ሥጋ ደዌ ከአንድ ባክቴሪያ ነው የሚመጣው፤ ያም ባክቴሪያ በእጅጉ ቀስ ብሎ ይራባል፣ ከሌላ ዓይነት ባክቴሪያ የመላመድ ቅርስ ሲቀበል አይታወቅም። በስኳር ቁስል ውስጥ ግን ስታፊሎኮከስ፣ ፕሮቲየስ፣ ክሌብሲየላና ሲውዶሞናስ አብረው ይኖራሉ። በተለይ የኋለኞቹ የመላመድ ጂኖችን እርስ በርስ ይቀባበላሉ፣ በሆስፒታል ቧንቧና በአልጋ ብረት ላይም ይቆያሉ። ስለዚህ ሦስት መድኃኒት በአንድ ጥቅል ሰጥቶ መገላገል እዚህ አይሠራም፤ እንዲያውም ሰፊ መድኃኒት በጅምላ መስጠት ነገሩን ያባብሳል። የስኳር ሕመም ደግሞ የሚያበቃበት ቀን የለውም። ከሥጋ ደዌ ታሪክ የሚወሰደው እንግዲህ የመድኃኒቱ ቀመር አይደለም፤ መዝገቡ፣ ላቦራቶሪው፣ የነጻ አቅርቦቱና ጫማው ነው።

ቦሩ ሜዳ ራሱ ይህን ትምህርት ለሁለተኛ ጊዜ አይቶታል፤ መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ከሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች አንዱ ነው። እዚያ አንድ ሕመምተኛ ምን ዓይነት ባክቴሪያ እንደያዘ ሳይመረመር ሁለተኛ ደረጃ መድኃኒት አይጀመርለትም፤ የወሰደው ክኒን ይቆጠራል፤ ቢቀር ይፈለጋል። በዚያው ግቢ የሚታይ የእግር ቁስል ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም። ለነቀርሳ ዓለም አቀፍ ገንዘብ አለ፤ ለእግር የለም። ነገሩ በአብዛኛው የገንዘብ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የጤና ተቋሞቻችን ተዘረፉ፤ ክትትልም ተቋረጠ። ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ላቦራቶሪ መብራትና ኢንኩቤተር ይፈልጋል፤ ሁለቱም በጦርነት ቀድመው የሚጠፉ ናቸው። በዚያው ጊዜ የሆስፒታል አልጋዎች በጥይትና በፍንጣሪ በቆሰሉ ሰዎች ይሞላሉ። ከ2003 እ.ኤ.አ. በኋላ በኢራቅ የቆሰሉ የአሜሪካ ወታደሮች አሲኔቶባክተር የተባለውን እጅግ የተላመደ ባክቴሪያ ይዘው ወደ አገራቸው ሆስፒታሎች መመለሳቸው የታወቀ ነው። የጦር ቁስለኛና የስኳር ሕመምተኛ በአንድ ክፍል፣ በአንድ የፋሻ ጋሪ ሲታከሙ የባክቴሪያው ታሪክ አንድ ይሆናል። የ1928ቱን ቁስለኞች ዕጣ አልጠየቅንም አልሁ፤ የ2014ቱን የሚጠይቅ ተማሪ ከዚህ አዳራሽ ቢወጣ የታሪክ ክፍሉም፣ የሕክምና ኮሌጁም በጋራ ሊያማክሩት የሚገባ ሥራ ይሆናል። መነሻው የላቦራቶሪ መዝገብ ነው፤ አሮጌ መዝገብ ሲሞላ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ እሳት የሚሄድበት ልማድ እስኪቆም ድረስ ግን ጊዜው አጭር ነው።

ጫማን አንሥቼ ልጨርስ። ዛሬ ለሥጋ ደዌ ይሠራ የነበረውን ለስላሳ ሶል የሚፈልግ የደሴ የስኳር ሕመምተኛ፣ ገበያ ወጥቶ የሚያገኘው ኮንጎ ጫማ፣ በረባሶና ጠባብ ቆዳ ጫማ ነው። ኮንጎው ያልባል፣ በረባሶው ጣትን ገልጦ ይተዋል፣ ቆዳው ይልጣል። ለዚህ ለውጥ አዲስ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም። በከተማችን ጎማና ቆዳ የሚያውቁ እጆች ሞልተዋል፤ የሚፈልጉት የእግር ቅርጽ የሚለካላቸው ነርስና የሚከፍላቸው በጀት ነው።